ሊኑክስ ላይ ስትቸገሩ እንዴት ትጠይቃላችሁ፣ ከዛስ እንዴት ታግዛላችሁ

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) በጫንኩ በሁለተኛው ወር ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት አፕዴት አድርጌ ሪስታርት ሳደርገው የላፕቶፑ ድምፅ ጠፋ። ቪዲዮው ይሄዳል ድምፅ የለም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ ስፒከር ሚባል ነገር ጭራሽ አይታይም፣ በቦታው "ደሚ አውትፑት" ሚል ብቻ ተጽፏል። ደንግጬ ሰው ወደሚጠየቅበት ቦታ ሄድኩና "ድምፅ አይሰራም እባካችሁ እርዱኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም። ከፋኝ፣ እነዚህ ሰዎች አዲስ ሰው አይወዱም ብዬም አሰብኩ። በሶስተኛው ቀን ግን እዛው ሌላ ጀማሪ ስለ ዋይፋይ የጠየቀውን አየሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ሰው ተረባርቦለታል። ምን ቢጽፍ ነው ብዬ የሱን ከኔ ጋ ጎን ለጎን አደረኩት። እሱ የላፕቶፑን ሞዴል፣ ዲስትሮውንና (የጫነውን የሊኑክስ አይነት) ቨርዥኑን፣ ከርነሉን (ሃርድዌሩን ሚያናግረውን የሲስተሙን እምብርት)፣ የዋይፋይ ካርዱን ስም፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳቆመና እስካሁን ምን ምን እንደሞከረ አስቀምጧል። እኔ የጻፍኩት አራት ቃል ነው፣ ከአራቱ ውስጥ ሊረዳኝ የፈለገ ሰው ይዞ ሊነሳበት ሚችል አንድ ነገር የለም።

እንደ አዲስ ጻፍኩት። በዛው ማታ አንድ ሰው መጥቶ "ስታስነሳው ከግራብ ሜኑ ላይ የበፊቱን ከርነል ምረጥና ድምፁ መኖሩን ንገረኝ" አለኝ (ግራብ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቱ ይነሳ ብሎ ሚያስመርጠው ነው)፣ አደረኩት፣ ድምፁ መጣ። ሌላ ሰው ደሞ የሁለቱን ሎግ (ሲስተሙ የሆነውን ሚጽፍበት መዝገብ) አመሳክሮ አዲሱ ከርነል የድምፅ ካርዱን ጭራሽ እንዳላወቀው አሳየኝና ሪፖርት እንዴት እንደሚደረግ መራኝ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በመጣ አፕዴት ተስተካከለ። ሰዎቹ ያው እነዛው ሰዎች ናቸው፣ የተቀየረው የኔ አጻጻፍ ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ጠይቄያለሁ ብዙም መልሻለሁ፣ ሊኑክስ ሰፈር ውስጥ ከሁሉም በላይ ሚፈለገው ነገር ያያችሁትን እንዳያችሁት መጻፍ እንደሆነ ነው የገባኝ፣ ኮድ ማወቅ ከሱ በኋላ ነው ሚመጣው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

ማዶ ያለው ሰው ማን ነው

ከርነሉንና ትልልቆቹን ፕሮጀክቶች በደሞዝ ሚሰሩ ብዙ ሰዎች አሉ፣ የናንተን ጥያቄ አንብቦ ሚመልሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደናንተው ተጠቃሚ ነው፣ ከስራ ገብቶ ልጆቹን አስተኝቶ ነው ላፕቶፑን የከፈተው። ነገሩ ከመነሻውም እንዲ ነው። ሪቻርድ ስታልማን በ1983 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው) ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመስራት የግኑ ፕሮጀክትን ሲያሳውቅ ሰው ጊዜውን፣ ገንዘቡን፣ ፕሮግራሙንና ማሽኑን እንዲያዋጣ ጠይቋል። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስም ኦገስት 25 ቀን 1991 የ21 ዓመት ተማሪ ሆኖ ስለሚሰራው ሲስተም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍ ሰዎችን የጠየቀው ሚኒክስ (ያኔ ለማስተማሪያ የነበረ ሲስተም) ላይ ምን እንደሚወዱና ምን እንደማይወዱ ነበር። ማለትም ሊኑክስ ሲወለድ ጀምሮ "እናንተ ምን አያችሁ" እየተባለ ነው የተሰራው። ዴቢያን ሚባለው ዲስትሮ ደሞ በ1997 ባወጣው ማህበራዊ ውል ላይ ችግር አንደብቅም ብሎ ቃል ገብቷል፣ የባግ (የፕሮግራም ስህተት) መዝገቡ በሙሉ ለማንም ሰው ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ የፈለገውን ማንበብ ይችላል። ይሄን የነገርኳችሁ ችግር ይዞ መምጣት ማስቸገር እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። ጥሩ አድርጎ የተጻፈ ችግር ስጦታ ነው፣ ፕሮግራሙን የሰራው ሰው የናንተ ላፕቶፕ የለውማ፣ ከየት ያየዋል?

የቱ ጋ ነው የተበላሸው

ዊንዶውስ ለለመደ ሰው ሁሉም ነገር ከአንድ ቤት የወጣ ይመስለዋል። ሊኑክስ ዴስክቶፕ ግን ከብዙ ሰፈር ተሰብስቦ የተገጣጠመ ነው። ከታች ከርነሉ አለ፣ ሃርድዌሩን ሚያናግረው እሱ ነው። ከሱ በላይ ስክሪን ላይ መስኮቶችን ሚያወጣው አለ፣ ዌይላንድ ወይም አሮጌው ኤክስ 11። ከዛ ዴስክቶፑ ራሱ፣ ኬዲኢ በ1996 የተጀመረ፣ ግኖም በ1997 የተጀመረ፣ ሌሎችም አሉ። ከዛ አፖቹ። ዲስትሮ ምንለው ደሞ (ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሚንት፣ አርች ምናምን) ይሄን ሁሉ አሰባስቦ አስማምቶ ሚሰጠን ነው። ስለዚ "ሊኑክስ አልሰራ አለኝ" ስትሉ የየትኛው ሰፈር ሰው እንደሚመለከተው አይታወቅም፣ መጀመሪያ ማጥበብ አለባችሁ፣ ማጥበብ ደሞ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም።

እኔ በዚህ ነው ምጀምረው። አፑ ሚያስቸግር ከሆነ በአይኮኑ መክፈት ትቼ ተርሚናል (ኮማንድ በጽሑፍ ሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስሙን ጽፌ አስነሳዋለሁ፣ ሲሞት ሚናገረውን እዛው ጽፎ ይሞታል። ዴስክቶፑ ከሆነ አዲስ ዩዘር አካውንት ከፍቼ በሱ እገባለሁ፣ በአዲሱ አካውንት ሚሰራ ከሆነ ችግሩ በኔ ሴቲንግ ፋይሎች ውስጥ ነው፣ ሲስተሙ ደህና ነው ማለት ነው፣ ይቺ አምስት ደቂቃ ማትፈጅ ሙከራ ስንቱን ሰው ከፎርማት እንዳዳነች እኔ ነኝ ማውቀው። ሃርድዌር ከመሰለኝ በፍላሽ ላይቭ አስነሳለሁ፣ ማለትም ሊኑክሱን ሳልጭን ቀጥታ ከፍላሹ፣ የተጫነውን ሳልነካ። በላይቩ ሚሰራ ከሆነ ሃርድዌሩ አልሞተም። ከአፕዴት በኋላ የመጣ ከሆነ ደሞ እንደነገርኳችሁ በግራብ የበፊቱን ከርነል፣ ሜኑው ካልታያችሁ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኤስኬፕ ተጫኑ፣ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። አብዛኞቹ ዲስትሮዎች ቢያንስ አንድ የድሮ ከርነል ያስቀራሉ፣ አታጥፉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ እየሞከራችሁ አንድ በአንድ ቀይሩ። ሰው ሲጨንቀው ከሰባት ቦታ ያገኘውን ሰባት ኮማንድ በተከታታይ ያስገባል፣ ከዛ ቢሰራም የቱ እንዳሰራው አያውቅም፣ ባይሰራም የመጀመሪያው ችግር ላይ ሌላ ሶስት ችግር ጨምሯል፣ ሊረዳው ሚመጣውም ሰው የቱን ከየት እንደሚፈታ ግራ ይገባዋል። ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ፣ ታይምሺፍት ሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም ካላችሁ አንድ ስናፕሾት (ሲስተሙ አሁን ያለበትን ሁኔታ ቅጂ) ያዙ። ታይምሺፍት ግን ሲስተሙን ነው ሚመልሰው፣ ፎቶና ሰነዶቻችሁን በራሳችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ

ስትጠይቁ ሁሌም ሚፈለገው፣ ዲስትሮውና ቨርዥኑ፣ ከርነሉ (ተርሚናል ላይ ዩኔም ብላችሁ ሰረዝ አር)፣ ዴስክቶፑ ምን እንደሆነና በዌይላንድ ይሁን በኤክስ 11 የገባችሁት፣ እና የተቸገራችሁበት ሃርድዌር ስም። ዌይላንዷን ሰዎች ይዘሏታል፣ አትዝለሏት። ስብሰባ ላይ ስክሪን ሼር ስታደርጉ ጥቁር ብቻ ሚታይ ከሆነ ለምሳሌ፣ ዌይላንድ አንድ አፕ የሌላውን አፕ መስኮት ዝም ብሎ እንዲያይ አይፈቅድም፣ በፈቃድ ነው ሚያልፈው፣ ያንን መንገድ ማያውቅ አሮጌ አፕ ጥቁር ያያል። በኤክስ 11 የገባ ሰው ይሄ አይገጥመውም፣ ስለዚ አንዱ ሌላውን "እኔ ጋ ይሰራል" ሲለው ሊውል ይችላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሃርድዌሩን ለማወቅ ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ ብላችሁ ግቡ፣ እያንዳንዱ ካርድ ስር የትኛው ድራይቨር እየነዳው እንዳለ ይጽፍላችኋል፣ በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነ ኤልኤስዩኤስቢ። ኢንክሲ ሚባል ትንሽ ፕሮግራም ደሞ አለ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ይሰበስባል፣ ስትጠቀሙት ዜድ ጨምሩበት፣ ሲሪያል ቁጥርና የኔትወርክ አድራሻ ይደብቅላችኋል። ሎግ ከተባላችሁ ጆርናልሲቲኤል ነው፣ ሰረዝ ቢ ካላችሁት ኮምፒውተሩ ከተነሳበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ብቻ ያሳያል፣ ከሱ ቀጥሎ ሰረዝ 1 ካላችሁ ደሞ ካሁኑ በፊት የነበረውን መነሳት ያሳያል። ይሄ ሁለተኛው ድርቅ ብሎ በግድ ላጠፋችሁት ላፕቶፕ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም የደረቀበት ምክንያት ተጽፎ ከሆነ ያለው በፊተኛው ሎግ መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የአሁኑን ልኮ "ምንም አይልም" ይባላል።

ጽሑፍን በጽሑፍ ላኩ። ተርሚናሉን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ሊረዳችሁ ሚፈልገው ሰው የስህተቱን መልእክት ኮፒ አድርጎ መፈለግ አለበት፣ ከፎቶ ላይ ቁጭ ብሎ ሊተይበው ነው? በተጨማሪም ነገ ያው መልእክት የመጣበት ሌላ ሰው ሲፈልግ ፎቶውን አያገኘውም። ስክሪን ላይ ሚታይ ብልሽት (የተቆራረጠ ምስል፣ የተደራረበ ፊደል) ሲሆን ግን ፎቶ ከምንም በላይ ነው። ሲስተማችሁ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ደሞ ኮማንዱ ፊት ኤልሲ አንደርስኮር ኦል እኩል ሲ (ፊደሎቹ ሁሉም ካፒታል) ብላችሁ አስቀድሙ፣ ለዛች አንድ ኮማንድ ብቻ መልእክቱ በዋናው ቋንቋ ይወጣል፣ የሌላ ሀገር ሰውም ያነበዋል።

አሁን ጥያቄው። ሁለተኛ ጊዜ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር፦ ርዕሱ "ከከርነል አፕዴት በኋላ ስፒከር አይታይም፣ ደሚ አውትፑት ብቻ ነው ያለው"። ከስሩ የላፕቶፑ ሞዴል፣ ዲስትሮው፣ የበፊቱና ያሁኑ ከርነል ቁጥር፣ የድምፅ ካርዱ ስም። ከዛ "እስከ አፕዴቱ ድረስ ይሰራ ነበር። ከሶስት ቀን በፊት ጠዋት አፕዴት አድርጌ ሪስታርት ካደረኩ በኋላ ነው የጠፋው። ሄድፎንም ሞክሬያለሁ አይሰማም። በብሉቱዝ ግን ይሰማል። ሌላ የቀየርኩት ነገር የለም።" በቃ ይሄ ነው። የብሉቱዟን ነገር እንዳልጽፋት ነበር፣ ምን ያደርጋል ብዬ፣ በኋላ ግን ሰውየው እንደነገረኝ ወዲያው የገባው በሷ ነው፣ ብሉቱዝ ሚሰማ ከሆነ የድምፅ ሶፍትዌሩ በህይወት አለ፣ የጠፋው ካርዱ ነው። እናንተ ዋጋ የለውም ምትሉት ነገር ለሚያውቅ ሰው ቁልፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ለናንተ ትንሽ ስለመሰለ አትጣሉት።

ሌላው ደሞ ዋናውን ፍላጎታችሁን ተናገሩ። ሰው ለምሳሌ ሃርድ ዲስኩ ይሞላበታል፣ በራሱ አስቦ መፍትሄው ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍልፋይ) ማስፋት ነው ብሎ ይወስናል፣ ከዛ መጥቶ ሚጠይቀው "ፓርቲሽን እንዴት ላስፋ" ብቻ ነው፣ ሰዎች ሁለት ቀን ስለ ፓርቲሽን ያስረዱታል፣ በስተመጨረሻ ሲታይ የሞላው የድሮ ስናፕሾት ተከማችቶ ነው፣ ሶስቱን ቢያጠፋ ያልቅ ነበር። "ዲስኬ ሞልቷል፣ ፓርቲሽን ላሰፋ አስቤ ነበር" ብትሉ ሁለቱንም ያያሉ።

ማክሰኞ ማተም እምቢ ያለው ፕሪንተር

ሰው "እብድ ይሉኛል" ብሎ ያየውን እንዳይደብቅ ይሄን ሁሌ እናገራለሁ። በ2008 እና 2009 አካባቢ ኡቡንቱ ላይ ኦፕንኦፊስ (የሰነድ መስሪያ ፕሮግራም) ማተም አልቻለም ሚል ችግር ነበር፣ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም፣ ማንም መያዣ አላገኘለትም። አንዱ ተጠቃሚ ባለቤቱ "ይሄ ነገር ማክሰኞ ማክሰኞ አያትምም" እንዳለችው ጻፈ። እሱም መጀመሪያ አላመናትም፣ ግን ሞክሮ አየው፣ ማክሰኞ አያትምም። ሲመረመር የተገኘው ምን መሰላችሁ፣ ወደ ፕሪንተር ሚላከው ፋይል መግቢያው ላይ የተሰራበት ቀን ይጻፍበታል፣ የፋይሎችን አይነት ሚለየው "ፋይል" ሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ደሞ እዛ ቦታ ላይ የማክሰኞን የእንግሊዝኛ አጭር ስም ሲያይ ኤርላንግ ሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፋይል ነው ብሎ ይወስናል። ስለዚ በማክሰኞ ቀን ፋይሉ እንደሚታተም ሰነድ አይቆጠርም። ሴትየዋ ኮድ አላነበበችም፣ ሎግም አልከፈተችም። ያየችውን ነው የተናገረችው፣ ባለቤቷም አልናቀውም፣ ጻፈው።

መልስ ሲመጣ

የተጠየቃችሁትን አድርጉና ውጤቱን ንገሩ፣ ባይሰራም። "ሞከርኩ አልሰራም" ብቻ አይበቃም፣ አልሰራም ሲባል ምን ሆነ? ምን ብሎ ጻፈ? አንዳንዴ ምትጠየቁት ነገር ከችግራችሁ ጋ ምንም ማይገናኝ ይመስላል፣ "ቻርጀሩን ነቅለህ ሞክር" ምናምን፣ አትናደዱ፣ ሰውየው አንድ ነገር ጠርጥሮ ነው። ሶስት ሰው ሶስት የተለያየ ነገር ካላችሁ መጀመሪያ ጥያቄ የጠየቃችሁን ሰው ስሙ፣ ሳይጠይቅ ኮማንድ ከወረወረው ይልቅ እሱ ነው ችግሩን እየተከተለ ያለው፣ ይሄ የኔ ልምድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰርቶልኛል።

ግን ማንም የላከላችሁን ኮማንድ ሳታውቁት አታስገቡ። አብዛኛው ሰው ቅን ነው፣ ተሳስቶ ግን ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ክፉም አይጠፋም። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ስልጣን ሚያስኬድ) ያለበት፣ አርኤም (ፋይል ሚያጠፋ) ወይም ዲዲ (ዲስክ ላይ ቀጥታ ሚጽፍ) ያለበት፣ ወይም ከኢንተርኔት አውርዶ ወዲያው በሱዶ ሚያስኬድ መስመር ከሆነ ቆም በሉ። ዲዲ ውስጥ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ፍላሹ ላይ ሊጽፍ የነበረው ዋናው ዲስካችሁ ላይ ይጽፋል፣ ጠያቂም ማስጠንቀቂያም የለውም። ተርሚናል ላይ "ማን" (የማኑዋል አጭሩ ነው) ብላችሁ ከሱ ቀጥሎ የኮማንዱን ስም ጻፉ፣ ማኑዋሉ ይከፈታል፣ እያንዳንዷ ሰረዝ ምን እንደምታደርግ እዛ አለ። ካልገባችሁ "ይሄ ምን ያደርጋል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቅር ሚለው ሰው አይኖርም፣ ቅር ካለው ደሞ የሱን ኮማንድ ተዉት።

መልስ ዘገየ ብላችሁ በግል መልእክት ሰው አታሳዱ። እናንተ ጋ ቀን ሲሆን ሚያውቀው ሰው ጋ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ከዛ አዲስ ያገኛችሁትን ነገር ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት። በግል ማውራት ደሞ መልሱ እዛው ተቀብሮ እንዲቀር ያደርጋል። እና ሲሰራላችሁ፣ እባካችሁ፣ ተመልሳችሁ ምን እንዳሰራው ጻፉ። "ተስተካከለ አመሰግናለሁ" ብሎ መጥፋት ደህና አይደለም፣ እኔ ስንቴ ነው የኔው ችግር ያለበት የአምስት አመት ጥያቄ አግኝቼ እየወረድኩ እየወረድኩ መጨረሻው ላይ "አገኘሁት፣ ሰራ" ሚል ብቻ ያገኘሁት። ምን አገኘህ? ምኑ ሰራ? እሷን አንድ መስመር ብትጽፉ ማታውቁት ሰው አንድ ቀን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ያመሰግናችኋል።

ባግ ሆኖ ከተገኘ

ችግሩ የሴቲንግ ሳይሆን የፕሮግራሙ እንደሆነ ሲታወቅ ሪፖርት መደረግ አለበት፣ አለበለዚያ ሚያስተካክለው ሰው መኖሩንም አያውቅም። ለማን? አፑን ከዲስትሮው ከጫናችሁት መጀመሪያ ለዲስትሮው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ዲስትሮው ራሱ የጨመረው ለውጥ ነው ሚያበላሸው። በፍላትፓክ ወይም በስናፕ (ለብዙ ዲስትሮዎች ሚሆኑ የአፕ መጫኛ መንገዶች) ከሆነ ማን እንደሚያዘጋጀው እዩ፣ ሁሌ የአፑ ባለቤቶች አይደሉም። ዲስትሮው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ከሆነ (እንደ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ፣ በየሁለት አመቱ በኤፕሪል ሚወጣው) ያላችሁ የአፑ ቨርዥን አመት ያለፈው ሊሆን ይችላል፣ ቀጥታ ወደ አፑ ፕሮጀክት ስትሄዱ መጀመሪያ ሚሏችሁ "በአዲሱ ሞክሩት" ነው፣ በፍላትፓክ ወይም በላይቭ ፍላሽ አዲሱን ሞክራችሁ ሂዱ።

ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈልጉ፣ የተዘጉትንም ጭምር። ካገኛችሁት "እኔም" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፣ አስር "እኔም" ሰውን በኢሜይል ይቀሰቅሳል እንጂ ማንንም አይረዳም፣ "እኔንም ነክቶኛል" ሚል በተን ካለ እሱን ንኩ፣ አዲስ ነገር ካላችሁ (ሌላ ሃርድዌር፣ ሌላ ቨርዥን፣ ከምን በኋላ እንደሚመጣ) እሱን ጻፉ። አዲስ ከሆነ ደሞ አንድ ሪፖርት አንድ ባግ። ከዜሮ ጀምሮ ምን ምን እንደምትነኩ በቅደም ተከተል፣ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ። "ፋይል ማናጀሩ ይዘጋል" ሳይሆን "ፋይል ማናጀሩን ከፍቼ፣ ስሙ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ፣ ኮምፕረስ ስለው ይዘጋል፣ አምስቴ ሞክሬ አምስቴም ተዘግቷል፣ ምልክቱን ከስሙ ላይ ሳጠፋው ይሰራል"። ሁለተኛውን ያነበበ ፕሮግራመር ወንበሩ ላይ እንዳለ ይሞክረዋል፣ እሱም ጋ ከተዘጋ ግማሹ ስራ አለቀ።

በፊት ሰርቶ አሁን ያቆመ ከሆነ ይሄን ከላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ የመጨረሻው ሚሰራው ቨርዥንና የመጀመሪያው ማይሰራው ቨርዥን። ከርነል ላይ በተለይ ይሰራ የነበረ ነገር መበላሸት የለበትም ሚል ጠንካራ ደንብ አላቸው፣ ቶሎ ያዩታል። ትንሽ ደፈር ካላችሁ ጊት ባይሴክት ሚባል አለ (ጊት የኮድ ለውጦችን ሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ ሊነስ ራሱ በ2005 ነው የሰራው)፣ በሚሰራውና በማይሰራው መሀል ያለውን እየከፈለ ያስሞክራችኋል፣ አንድ ሺህ ለውጥ ቢኖር በአስር ሙከራ አካባቢ አበላሹን አንዱን ለውጥ ያገኝላችኋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ኮድ ማንበብ ግን አይጠይቅም፣ "ይሰራል" ወይም "አይሰራም" ማለት ብቻ ነው።

ማየት እስከምን ድረስ እንደሚያደርስ ከፈለጋችሁ ማርች 2024ን አስታውሱ። አንድሬስ ፍሮይንድ ሚባል ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ሚሰራ ኢንጂነር ዴቢያን ሲድ (ገና በመሞከር ላይ ያለው የዴቢያን ቨርዥን) ባለበት ማሽን ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። እሱ ተከታተለውና ኤክስዚ ሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር (በድብቅ መግቢያ) አገኘ፣ ማርች 29 ላይ ለሁሉም አሳወቀ፣ የዋና ዋናዎቹ ዲስትሮዎች የተረጋጋ ቨርዥን ውስጥ ሳይገባ ተያዘ። የዚህ ታሪክ ሌላኛው ጎን ግን የበለጠ ያሳዝነኛል። ያን ፕሮግራም ለአመታት በዋናነት ሲጠብቅ የነበረው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር፣ ማይታወቁ አካውንቶች እየመጡ "ለምን ዘገየህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ" እያሉ ሲያጨናንቁት ከርመው ነው ክፉው ሰው አጋዥ መስሎ የገባው። ስለዚ ለሜንቴይነር (ፕሮግራሙን ለሚጠብቀው ሰው) ስትጽፉ አትጩሁ። "ይሄ እስካሁን አልተስተካከለም?!" ከመጻፍ በአዲሱ ቨርዥን ሞክራችሁ "አሁንም አለ" ብትሉ እሱን ታግዙታላችሁ።

ከዛ በኋላ

መርዳት ለመጀመር ኤክስፐርት መሆን አይጠበቅባችሁም፣ እንደውም ካንድ ወር በፊት የተቸገራችሁበትን ነገር ከናንተ በላይ ሚያስረዳው የለም፣ ሃያ አመት የተጠቀመ ሰው ጀማሪ ምኑ ጋ እንደሚደናቀፍ ረስቶታል። ማታውቁትን ግን እንደምታውቁት አትመልሱ፣ "እርግጠኛ አይደለሁም ግን" ብሎ መጀመር ምንም አይደለም። ማኑዋል አንብብ ብሎ ማባረር ይቅር፣ ማኑዋሉ ውስጥ የቱ ክፍል እንደሆነ ጠቁሙ። የአርች ዊኪ (የአርች ዲስትሮ መመሪያ ድረገጽ) ለምሳሌ ሌላ ዲስትሮ ለሚጠቀምም ሰው በጣም ይጠቅማል፣ የፓኬጅ ስሞቹ ሊለያዩ እንደሚችሉ ብቻ ንገሩት። እና "ይሄን ዲስትሮ ትተህ ያንን ጫን" አትበሉ። ሰውየው ብሉቱዝ ነው የጠየቀው።

ትርጉም ደሞ አለ፣ እኔ በጣም ምወደው ስራ። ብዙ ፕሮጀክቶች በዌብሌት (ኢንተርኔት ላይ መተርጎሚያ) ስለሚሰሩት ብራውዘር ብቻ ነው ሚያስፈልጋችሁ። ግን ፕሮግራሙን ሳትከፍቱ አትተርጉሙ። አንዲት ቃል ብቻዋን መጥታ "ኦፕን" ብትላችሁ ክፈት ነው ክፍት ነው? በተኑ ላይ ከሆነች አንድ ነው፣ የፋይሉ ሁኔታ ከሆነች ሌላ ነው። "ክፈት" ካላችሁ ደሞ ለሴቷስ? ለዚህ ነው ብዙ ተርጓሚዎች "መክፈቻ"፣ "ማስቀመጫ" እያሉ ሚሄዱት፣ ወንድም ሴትም ሳይል ለሁሉም ይሆናል። ከናንተ በፊት የተረጎሙ ሰዎች የመረጡትን ቃል እዩ፣ ባትወዱት እንኳ ተነጋግራችሁ እንጂ ግማሹን በራሳችሁ አትቀይሩት፣ አንዱ ሜኑ "ፋይል" ሌላው "ሰነድ" ካለ ተጠቃሚው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። የፐርሰንት ምልክት ያለባቸውን ነገሮች እንዳሉ ተዉአቸው፣ እዛ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ስም ወይም ቁጥር ይተካበታል፣ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ግን እንደ አማርኛው ይሁን፣ ግስ መጨረሻ ላይ።

ከሁሉም ቀላሉን ልንገራችሁ፣ ማንም ማይሽቀዳደምበት ስራ ነው። ምትወዱት አፕ የባግ መዝገብ ውስጥ ግቡና ሁለት ሶስት አመት የቆየ፣ ማንም ያልነካው፣ ናንተ ኮምፒውተር ላይ ሊሞከር ሚችል አንድ ሪፖርት ምረጡ። የተጻፈውን በቅደም ተከተል አድርጉ። ከዛ ከስሩ ያላችሁን ቨርዥን፣ ዲስትሮና ዴስክቶፕ ጻፉና ያው ይሆናል ወይም አይሆንም በሉ። አይሆንም ካላችሁ ሚዘጋ አንድ ባግ ተገኘ፣ ይሆናል ካላችሁም ሪፖርቱ አሁን አዲስ ቨርዥን ቁጥር አለው፣ ሚሰራው ሰው ሲመጣ ከናንተ መስመር ይጀምራል።